የጭንቀት ሕመም ሕክምና ስለተዘጋብን፤ በጎንደር ከተማ በጤና አገልግሎት ላይ ለምትወስኑ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በጭንቀት ሕመም በሚታከሙ የጎንደር ነዋሪዎችና በአስታማሚ ቤተሰቦቻቸው ተወክዬ ነው። በከተማችን ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የጭንቀትና የድብርት ታካሚዎች በሳምንት ሁለት ቀን ይስተናገዱበት የነበረው የተመላላሽ ሕክምና ተዘግቷል። ያክመን የነበረው የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ነርስ ወደ ሌላ የሥራ ክፍል ተዛውሯል፤ ምክር ይሰጥባት የነበረችው ጠባብ ክፍልም ዕቃ ማስቀመጫ ሆናለች። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠቅስም። እዚያ ያሉት ሠራተኞች ባላቸው አቅም ሲረዱን የኖሩ ናቸው፤ ውሳኔውም የእነርሱ አይደለም። በአንድ ቦታ ዝም ከተባለ ደግሞ ነገ በሌላ ጤና ጣቢያ እንደሚደገም እንሰጋለን።

ውሳኔውን የሰማነው በቃል ነው። ለቀጠሯቸው የመጡ ታካሚዎች በሩ ተቆልፎ ሲያገኙት ካርድ ክፍል ጠይቀው ነው አገልግሎቱ መቋረጡን ያወቁት። ምክንያቱን ለማወቅ ስንጠይቅ ሦስት መልስ ተሰጠን። አንደኛው የባለሙያ እጥረት አለ የሚል ነው። ሁለተኛው ቅድሚያ የሚሰጠው ለከባድ የአእምሮ ሕመም ነው የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ «በዚህ ዘመን ያልተጨነቀ ማን አለ?» የሚል ነበር። እጥረቱን እናውቀዋለን፤ ከባድ ሕመም ላለበት ሰው ቅድሚያ መሰጠቱንም አንቃወምም። ሦስተኛው መልስ ግን የውሳኔው ሁሉ መሠረት ሆኖ ስላገኘነው ሰፋ አድርጌ ልመልስበት እገደዳለሁ።

ተማሪ ለፈተና፣ ነጋዴ ለብድሩ፣ እናት ላመሸ ልጇ ይጨነቃሉ፤ ምክንያቱ ሲያልፍ ጭንቀቱም አብሮ ያልፋል። እኛ የምንታከምበት ሕመም እንዲህ አይደለም። ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ይቀጥላል፣ ወይም ጨርሶ የሚጨበጥ ምክንያት አይገኝለትም፤ እንቅልፍ ይነሣል፣ ከሥራና ከትምህርት ያስቀራል፣ ሰውን ከቤቱ እንዳይወጣ ያደርጋል። ባለሙያዎች አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም አለ የሚሉት፣ ሊቆጣጠሩት ያልተቻለ ስጋት ቢያንስ ለ6 ወራት በአብዛኞቹ ቀናት ሲዘልቅና ከእርሱም ጋር የጡንቻ መወጠር፣ ቶሎ መድከም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ መነጫነጭና የእንቅልፍ መዛባት ሲታይ ነው። ሌሎች ዓይነቶችም አሉ፤ በድንገት የሚመጣ ብርቱ የፍርሃት ጥቃት፣ ሰው ፊት መቅረብን እስከ መሸሽ የሚያደርስ ማኅበራዊ ፍርሃት፣ ከቤት ርቆ ወይም ሕዝብ በተሰበሰበበት መገኘትን መፍራት፣ ልጅ ከወላጁ ሲለይ የሚይዘው ከመጠን ያለፈ ፍርሃት። እያንዳንዳቸው የታወቀ መለያና የታወቀ ሕክምና አላቸው።

ከእኛ መካከል አንድ የባጃጅ ሹፌር አለ። ከፒያሳ ወደ ማራኪ ሰው ጭኖ ሲሄድ ልቡ በኃይል መምታት ጀመረ፤ ደረቱ ታፈነ፣ እጁ ደነዘዘ፣ ላብ አጠመቀው፤ የምሞተው አሁን ነው አለ። ተሳፋሪዎቹ ድንገተኛ ክፍል አደረሱት። ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራ ተነሣ፣ ደሙ ታየ፣ ልብህ ደኅና ነው ተብሎ ወደ ቤቱ ተሸኘ። ጥቃቱ ተመለሰበት፤ እርሱም ወደ ድንገተኛ ክፍል ተመለሰ፣ ከዚያም ወደ ግል ክሊኒክ፣ ከዚያም የጨጓራ ነው ተብሎ ወደ ሌላ ምርመራ። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ «ልብህ ደኅና ነው» ያለው ሐኪም ሁሉ እውነቱን ተናግሯል፤ ታዲያ ምን እንደሆነ የነገረው ግን አንድም አልነበረም። የነገረው አሁን የተዛወረው የሳይካትሪ ነርስ ነው። ሰውየው ባጃጁን ሊሸጥ ገዢ እያፈላለገ ነበር፤ ከጥቂት ወራት ሕክምና በኋላ ሥራው ላይ ተመለሰ። አገልግሎቱ ከተዘጋ ወዲህ ጥቃቱ እንደገና ጀምሮታል፤ አሁንም የሚሄደው ወደዚያው ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ ሳስተምር ስለኖርሁ፣ በዚህ ሰው ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ማስረዳት ይቀለኛል። አንጎላችን አደጋን ሲጠረጥር፣ በተለይ አሚግዳላ የሚባለው ትንሽ ክፍሉ ሲነቃ፣ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ይለቀቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይበዛል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ ይህ ከጅብ ለማምለጥ የተሠራ ጥበብ ነው። በታመመው ሰው ላይ ይኸው ሥርዓት ጅብ በሌለበት ይነሣል። ትንፋሽ ከልክ በላይ ሲፈጥን በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል፤ ሰውየው ይህን ሲያይ ይበልጥ ይፈራል፣ ፍርሃቱም ትንፋሹን መልሶ ያፈጥነዋል። ጥቃቱ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ጣራ ነክቶ ይበርዳል። ጉዳቱ የሚሰፋው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰውየው ጥቃቱ የደረሰበትን መንገድ፣ ገበያና ታክሲ መሸሽ ይጀምራል፣ በሸሸ ቁጥርም አንጎሉ ቦታው በእርግጥ አደገኛ እንደሆነ ይማራል። ሕመሙን የሚያቆየው ይህ ሽሽት ስለሆነ፣ ከሕክምናው ዋናው ክፍል ሽሽቱን ቀስ በቀስና በታቀደ መንገድ መመለስ ነው። ይህንንም ታካሚው ብቻውን ሊያደርገው ይከብደዋል፤ የሚመራው ባለሙያ ያስፈልገዋል።

የሕመሙ መነሻ አንድ አይደለም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለ፤ በቤተሰቡ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል። በልጅነት የደረሰ በደል፣ የወላጅ ሞት፣ ድንገተኛ መፈናቀል፣ ጥቃት፣ ሥራ ማጣት፣ ሥር የሰደደ ሕመም፣ እርግዝናና ወሊድ ተጋላጭነቱን ወደ ሕመም ሊለውጡት ይችላሉ። ከመጠን ያለፈ የታይሮይድ ዕጢ ሥራና የደም ማነስ ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ አስቀድሞ በምርመራ መለየት አለባቸው። ጫትና ብዙ ቡና የልብ ምትን እያፋጠኑ ያባብሱታል፤ አረቄና ቢራ ለሰዓታት ያረጋጉና በማግስቱ በእጥፍ ይመልሱታል። የእምነት ማነስ ወይም የፈሪነት ጠባይ ከእነዚህ መነሻዎች አንዱም አይደለም፤ ታካሚዎቻችን ግን ከቤተሰብም ከጎረቤትም በብዛት የሚሰሙት ይህንኑ ነው።

«ያልተጨነቀ ማን አለ» ለሚለው ቁጥርም መልስ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች የጭንቀት ሕመም ነበረባቸው፤ ከእነርሱ 58 ሚሊዮኑ ሕፃናትና ታዳጊዎች ናቸው። ይህ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ በብዛት የሚታየው ሲሆን፣ ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ይያዛሉ። ማንኛውንም ሕክምና የሚያገኘው ግን ከአራት ሕመምተኛ አንዱ ብቻ ነው። ይኸው ድርጅት ግጭት በደረሰባቸው አካባቢዎች ከአምስት ሰው አንዱ የጭንቀት ሕመምን፣ ድብርትንና ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣን ሕመም ጨምሮ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ይገልጻል። ጎንደርና ዙሪያዋ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ያለፉበትን እናንተም ታውቁታላችሁ። ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ተፈናቃዮች በከተማችንና በዙሪያዋ ተጠልለዋል፤ ከሱዳን የሸሹ ሰዎች በመተማ በኩል ገብተዋል፤ ከዚያም በክልላችን ሌላ ግጭት መጣ፤ የእገታ ፍርሃትም ወላጅን ሁሉ ይዟል። ሁሉም ሰው የተጨነቀበት ዘመን መሆኑ እውነት ከሆነ፣ ከመካከላቸው የታመመውን ለይቶ የሚያክም ክፍል የሚከፈትበት ዘመን እንጂ ያለው የሚዘጋበት ሊሆን አይገባም ነበር።

ወደ ቅሬታችን እመለሳለሁ። ይበልጥ ያሳዘነን ሕክምና ላይ የነበሩ ሰዎች በመንገድ ላይ መተዋቸው ነው። ለጭንቀት ሕመም የሚሰጡት እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ሱስ አያሲዙም፤ ሆኖም ጥቅማቸው የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና የባሰ መረበሽ ሊያመጡ ይችላሉ፤ በወጣቶች ላይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንዳይነሣ መከታተል ያስፈልጋል። ታካሚው ከተሻለው በኋላም ብዙ ጊዜ ለ6 ወራትና ከዚያ በላይ ይቀጥላቸዋል፣ ሲያቆምም በሐኪም ምክር መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ነው። በድንገት ሲቋረጡ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭትና በሰውነት ውስጥ ኤሌክትሪክ የነካ የሚመስል ስሜት ያስከትላሉ። በአዘዞ የምትኖር አንዲት እናት ከወለደች በኋላ በያዛት ብርቱ ጭንቀት ሰርትራሊን ጀምራ ነበር። ሕፃኑ የሚሞትባት እየመሰላት ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹን ስታዳምጥ ታነጋ የነበረች ሴት ናት፤ መድኃኒቱና ምክሩ እንቅልፏን መልሰውላት ነበር። የሚጽፍላት ባለሙያ ስታጣ መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። ራሷን ሲያዞራትና ስትወድቅ ቤተሰቡ «መድኃኒቱ ነው ያበላሻት» ብሎ ዳግመኛ እንዳትጀምር ከልክሏታል። አገልግሎቱ በዕቅድ ቢዘጋ ኖሮ፣ ቢያንስ የሽግግር ጊዜ ቢሰጥ፣ ይህ ባልደረሰ ነበር።

ሌላው በቦታው የተተካው ነገር ነው። በሩ ሲዘጋ ታካሚው ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ወደ መድኃኒት ቤት ሄዷል። በቅዳሜ ገበያ የሚነግዱ አንድ አባት በሰው ምክር ዲያዜፓም እየገዙ መዋጥ ጀምረዋል። ይህ መድኃኒት ፍርሃትን በሰዓት ውስጥ ስለሚያበርድ ሰው ይወደዋል። ለጥቂት ቀናት በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ ቦታ አለው፤ በየቀኑ ለሳምንታት ከተወሰደ ግን ሰውነት ይለምደዋል፣ መጠኑን ያስጨምራል፣ የማስታወስ ችሎታን ያዳክማል፣ አረጋውያንን ይጥላል፣ ከአልኮል ጋር ሲሆን ትንፋሽን እስከ ማቆም ይደርሳል፣ በድንገት ሲቋረጥም የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። እኚህ አባት ሁለት እንክብል ይበቃቸው የነበረው አሁን እንደማይበቃቸው ለልጃቸው ነግረዋታል። ያለ ማዘዣ የሸጠላቸው ሰው ጥፋት እንዳለበት አንክድም። ማዘዣ የሚጽፍ፣ ወይም ይህ መድኃኒት ለእርስዎ አይሆንም የሚል ባለሙያ በሰፈራቸው የነበረውን ያነሣው ግን ሻጩ አይደለም።

ወደ ሆስፒታል ሂዱ ተብለናል። የሆስፒታሉን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ባለሙያዎች እናከብራለን፤ ሥራቸው ከአቅም በላይ እንደሆነም እናያለን። ነገር ግን የሚላኩት ታካሚዎች እነማን እንደሆኑ አስቡልን። ከቤት መውጣት ሕመሙ የሆነባትን ሴት፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት መቀመጥ ልብ ምቷን የሚያስነሣባትን ወጣት፣ ከንጋት ጀምሮ ወረፋ ያዢ እንላታለን። መንገድ ሲዘጋና የሰዓት ገደብ ሲታወጅ ከማክሰኝት ወይም ከአምባ ጊዮርጊስ የሚመጣ ሰው ቀጠሮው ያልፍበታል፤ ቀጠሮ ሲያልፍ ደግሞ መድኃኒቱ ያልቃል። የቀን ሠራተኛ ለአንድ ቀጠሮ የአንድ ቀን ደሞዙን ይከፍላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ የያዙትም መድኃኒቱ በመንግሥት መድኃኒት ቤት ሲጠፋ ከውጭ በራሳቸው ገንዘብ እየገዙ ነው።

ጉዳዩን ጎንደር ላይ ሆኖ ማንሣቱ የሚያስቆጨኝም ለዚህ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከጨረሰ በኋላ፣ በማግስቱ ዓመት በዚህች ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ፤ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ አንድ ቡድን ሆነው ሕዝቡ ወዳለበት እንዲሄዱ የሠለጠኑት እዚህ ነው። ሕክምና ወደ ሕመምተኛው መቅረብ አለበት የሚለው ሐሳብ ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም። ለወባ የሠራው መንገድ ለጭንቀት ሕመም የማይሠራበት ምክንያት የለም፤ በወረቀት ላይም ተፈቅዷል። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤናን በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ውስጥ ለማካተት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረውን መርሐ ግብር አገራችን ቀድመው ከተቀበሉት አንዷ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም አገልግሎቱ በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሰጥ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው የዚሁ መርሐ ግብር መመሪያ ደግሞ ለጭንቀት ሕመም ራሱን የቻለ ክፍል ጨምሯል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል።

ስለ ልጆች ጥቂት ልበል፤ የራሴ ልጅ ነገር ስለሆነ አሳጥረዋለሁ። የጭንቀት ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነትና በጉርምስና ነው፤ በመጀመሪያም የሚታየው ሆድ ቁርጠት፣ ራስ ምታትና ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ሆኖ ነው። ልጄ በክፍል ፊት እንድታነብ ስትጠራ ድምፅዋ ይዘጋ ነበር፤ እኔም አስተማሪዎቿም ዓይነ አፋር ናት ብለን አለፍን። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋረጠች። በጤና ጣቢያው የተሰጣት ሕክምና በመሠረቱ ንግግርና ልምምድ ነበር። የምትፈራውን ነገር ከቀላሉ ወደ ከባዱ በዝርዝር ጻፈች፤ መጀመሪያ ለባለሙያው ጮክ ብላ አነበበች፣ ከዚያ ለአክስቷ፣ ከዚያ ለሦስት የአጎቷ ልጆች፣ ከዚያ ሱቅ ሄዳ ዕቃ ጠየቀች። ሰዎች ምን ይሉኛል ብላ የምታስበውን በየጊዜው ትጽፍና በእርግጥ ከሆነው ጋር ታስተያየው ነበር። እንዲህ ያለው ሕክምና አስተሳሰብንና ባሕርይን አብሮ የሚያርም ሲሆን፣ ለጭንቀት ሕመም እጅግ ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው ሕክምናዎች አንዱ ነው፤ በተለምዶ ከአሥር እስከ አሥራ ስድስት ቀጠሮ ይወስዳል። ልጄ መካከል ላይ ነበረች። ወደ ትምህርት ቤት የምትመለስበት ደረጃ ቀርቶባት ሳለ ነው በሩ የተዘጋው።

ከእኛ ውስጥ አብዛኞቹ ጠበል ይጠመቃሉ፣ የነፍስ አባታቸውን ያማክራሉ፤ ሙስሊም አባሎቻችንም በዱዓና በቁርኣን ይጽናናሉ። ይህን ማንም እንዲተው አንፈልግም። ጸሎትና የነፍስ አባት ምክር ለተጨነቀ ሰው ብርታት ይሰጣሉ። የሚያሳስበን በአንዳንድ ቦታ ታካሚው መድኃኒቱን ካልጣለ አይጠመቅም መባሉ ነው። በኤች አይ ቪ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ አስተምራ የብዙ ሰው ሕይወት ተርፏል፤ ለዚህም ሕመም ያው ትምህርት እንዲሰጥ ከካህናትና ከኢማሞች ጋር የሚነጋገር የጤና ባለሙያ ያስፈልጋል። እስካሁን ከአንድ ደብር አስተዳዳሪ ጋር ተቀምጦ ይህን የተነጋገረው ያው የተዛወረው ነርስ ነበር፤ አስተዳዳሪውም ሰምተውታል።

አስተናጋጆች በአደባባይ ስም እየጠሩ «የአእምሮ ታካሚዎች በዚህ» ማለታቸው፣ ካርዳችን ላይ ከሩቅ የሚታይ ምልክት መደረጉ ብዙዎችን ከሕክምና አስቀርቷል። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ማስተካከያ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልገፋበትም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉ በፊት የተዘጋው አገልግሎት እንዲከፈት፣ ባለሙያውም ወደ ሥራው እንዲመለስ ወይም ብቁ ተተኪ እንዲመደብ እንጠይቃለን። ሁለት ቀን ካልተቻለ በሳምንት አንድ ቀን ይጀመር። እስከዚያው ድረስ መድኃኒት ላይ የነበሩት ታካሚዎች ዝርዝር ከካርድ ክፍል ወጥቶ፣ በስልክ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ተፈልገው፣ የሚያስቀጥል ወይም በሥርዓት የሚያስቆም ማዘዣ ያግኙ። ይህ ለሌላ ስብሰባ የሚቆይ አይደለም፤ በተለይ የወለዱ እናቶችና ዲያዜፓም የለመዱ አረጋውያን ይቅደሙ።

በተመላላሽና በድንገተኛ ክፍሎች የሚሠሩ ጤና መኮንኖችና ነርሶች የጭንቀት ሕመምን እንዲለዩ ይሠልጥኑ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ ሰባት ጥያቄ ብቻ ያለውና ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚጠይቅ፣ ነጥቡም ከ0 እስከ 21 የሚደርስ ቀላል መጠይቅ አለ፤ 10ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው በጥልቀት መመርመር ይገባዋል። ወረቀትና እስክሪብቶ እንጂ መሣሪያ አይፈልግም። ኢሲጂው ደኅና ሆኖ በተደጋጋሚ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይህ ሳይጠየቅ ከድንገተኛ ክፍል አይሸኝ። የባጃጅ ሹፌራችን በመጀመሪያው ቀን ተጠይቆ ቢሆን ለምርመራ ያወጣው ገንዘብ ቤቱ በቀረ፣ የድንገተኛው ክፍል አልጋም ለሌላ በተረፈ ነበር።

ልዩ ባለሙያ በሌለበት ጊዜ የሚሠራ መንገድም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው፣ በአምስት ቀጠሮ የሚያልቅ የችግር አያያዝ ሥልጠና የተዘጋጀው የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ላልሆኑ ሰዎች ነው፤ ትንፋሽን ማረጋጋት፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታት፣ ከተውት ሥራ ቀስ በቀስ መመለስና የቅርብ ሰዎችን ድጋፍ ማጠናከር ያስተምራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች በባለሙያ ክትትል ሥር ይህን መስጠት እንዲችሉ ይሠልጥኑ። በከተማችን የአእምሮ ጤና ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎች ስላሉ፣ በመምህራኖቻቸው ተቆጣጣሪነት በጤና ጣቢያ እንዲለማመዱ መስማማት የባለሙያውን እጥረት ያቃልላል።

ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን በጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤት በቋሚነት ይኑሩ፤ ዓመታዊ የመድኃኒት ግዢ ትንበያ ሲሠራ የጭንቀትና የድብርት ታካሚዎች ቁጥር ይካተት። ዲያዜፓም ያለ ማዘዣ የሚሸጥበትን አሠራር የሚቆጣጠረው ክፍል ሥራውን ይሥራ። ለየትምህርት ቤቱ ርእሳነ መምህራንም ምልክቶቹን የሚያስረዳና ልጁ የሚላክበትን ቦታ የሚጠቁም አጭር ጽሑፍ ይሰራጭ። እኔና ሌሎች ጡረተኛ መምህራን ጽሑፉን በማዘጋጀትና በየትምህርት ቤቱ በመዞር ያለ ክፍያ ለማገዝ ተዘጋጅተናል።

ወደፊት የትኛውም የአእምሮ ጤና አገልግሎት ሲቀነስ ወይም ሲዛወር ውሳኔው አስቀድሞ በጽሑፍ ይለጠፍ፤ ከታካሚዎችና ከአስታማሚዎች የተወከሉ ሁለት ሰዎችም በውይይቱ ይገኙ። ለዚህ ደብዳቤ የምትሰጡን መልስ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በጤና ጣቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳም ላይ እንዲለጠፍ እንለምናለን፤ ከእኛ ብዙዎቹ ወደ ቢሮ መጥቶ መጠየቅ የሚቸገሩ ናቸውና። ልትጠሩን ከፈለጋችሁም ታካሚዎቹ ራሳቸው የደረሰባቸውን ለማስረዳት ፈቃደኞች ናቸው፤ ባጃጅ ሹፌሩ እመጣለሁ ብሏል።

ከአክብሮት ጋር፣

የታካሚ እናትና ጡረታ የወጣች የባዮሎጂ መምህርት፣
የጭንቀት ሕመም ታካሚዎችና የአስታማሚ ቤተሰቦች ተወካይ
ጎንደር